ትምህርት ቤቶችም ወንፈል ይፈልጋሉ

የጤፍ አጨዳ በደረሰ ጊዜ አንድ አርሶ አደር ማሳውን ብቻውን ልጨርስ ቢል ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብ ይቀድመዋል፤ ወይም እህሉ ይረግፍበታል። ስለዚህ ከሦስትና ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ወንፈል ይገባል። ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታጨዳል፣ ነገ የሌላው። ወንፈል ከደቦ የሚለየው በዚህ ነው፤ ደቦ የጠራ ሰው ደግሶ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ወንፈል የገባ ሰው ግን የተቀበለውን የጉልበት ቀን በጉልበት ቀን ይመልሳል። በወንፈል ውስጥ ቋሚ ሰጪና ቋሚ ተቀባይ የለም። በሰው ማሳ ላይ የዋለ ጎረቤትም እግረ መንገዱን የአዘራሩን ሁኔታ፣ የአረሙን ብዛት፣ የአፈሩን መራቆት ያያል፤ ያየውንም ሳይናገር አይመለስም። ባለማሳውም አይቀየምም፤ ነገ እርሱም የዚያን ሰው ማሳ ያያልና።

ለትምህርት ቤቶቻችን የተዘረጋው የጉድኝት ማዕከል አሠራር በሐሳብ ደረጃ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአንድ አካባቢ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች በአንድ ጉድኝት ተሰባስበው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲያይ፣ አንዱ ሌላውን እንዲደግፍ ታስቦ የተቋቋመ ነው። ይሁን እንጂ ከተቋቋመ ብዙ ዓመታት ያስቆጠረው ይህ አሠራር በብዙ ቦታ ከወንፈልነት ይልቅ ወደ ቁጥጥርነት አዘንብሏል። አሁን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አዲስ መዋቅር ይፈጠር ወይስ አይፈጠር የሚለው አይደለም። ያለው መዋቅር እንዴት ወደ ታሰበለት ዓላማ ይመለስ የሚለው ነው።

ፈተናው የገለጠው ጉድለት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የተመዘገበው ውጤት አገርን አስደንግጧል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል። መሻሻሉ የሚናቅ ባይሆንም ከ100 ተፈታኞች ከ90 የሚበልጡት አሁንም ግማሹን ነጥብ አያገኙም ማለት ነው።

ከመቶኛው ይልቅ ትኩረት የሚሻው ሌላ አኃዝ ነው። በ2015 ዓ.ም. ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች መካከል ከ1,300 በላይ የሚሆኑት አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ተማሪ ሲወድቅ ምክንያቱ በተማሪው ዘንድ ሊፈለግ ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲወድቅ ግን ምክንያቱን ከተማሪዎቹ ላይ መፈለግ የዋህነት ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት መድኃኒቱንም ከራሱ ግቢ ብቻ ሊያገኝ አይችልም። መምህራኑ የተሻለ አስተማመርን የሚያዩበት ሌላ ክፍል ከሌለ፣ ርዕሰ መምህሩም የተሻለ አሠራርን የሚያይበት ሌላ ትምህርት ቤት ከሌለ፣ የለመዱትን መድገም የግድ ይሆናል።

ችግሩ በ12ኛ ክፍል የተወለደም አይደለም። በዓለም ባንክ ስሌት በኢትዮጵያ 10 ዓመት ገደማ ከሆናቸው ልጆች መካከል 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። በሦስተኛ ክፍል ማንበብ ያልቻለ ልጅ በስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ሲሰጠው መጽሐፉ ይደርሰዋል እንጂ ትምህርቱ አይደርሰውም። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች እርስ በርስ የሚያደርጉት ምልከታ መጀመር ያለበት ከፈተናው አዳራሽ ሳይሆን ከታችኞቹ ክፍሎች ነው።

አሠራሩ በወረቀት ላይ

በአሠራሩ መሠረት አንድ ጉድኝት አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ትምህርት ቤቶችን ያቅፋል። ከእነዚህ አንዱ የጉድኝት ማዕከል ሲሆን የቀሩት ሳተላይት ትምህርት ቤቶች ይባላሉ። ማዕከሉ የተሻለ ቤተ መጻሕፍትና የትምህርት መርጃ መሣሪያ እንዲኖረው፣ የሌሎቹም መምህራን እየመጡ እንዲጠቀሙበት ታስቧል። ጉድኝቱን የሚያስተባብር ሱፐርቫይዘር ይመደባል። መምህራን በየዓመቱ 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያደርጉ የሚያዘው መመሪያም በአብዛኛው የሚፈጸመው በትምህርት ቤትና በጉድኝት ደረጃ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም በዚህ ላይ ሌላ እርከን ጨምሯል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአራት ዐበይት ጉዳዮች፣ ማለትም በመማር ማስተማር፣ በምቹ የትምህርት አካባቢ፣ በትምህርት ቤት አመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ ራሱን እንዲገመግምና የሦስት ዓመት ዕቅድ እንዲያወጣ ይጠበቃል። ከዚህ ሌላ ከትምህርት ቤቱ ውጭ በሚመጡ ባለሙያዎች የሚካሄድ ኢንስፔክሽን አለ። ኢንስፔክሽኑ ትምህርት ቤቶችን በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት መዝኖ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባቸዋል። ደረጃ 1 ከ50 በመቶ በታች ያገኘ፣ ደረጃ 4 ደግሞ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘ ነው። እስካሁን ይፋ በሆኑ ውጤቶች አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከደረጃ 3 በታች ሲሆኑ ደረጃ 4 የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እንግዲህ ራስን መገምገም አለ፤ የጎረቤት ድጋፍ አለ፤ የውጭ ምዘናም አለ። ሦስቱም በየፊናቸው ተገቢ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ሦስቱ ሲደበላለቁ ነው።

ዳኝነትና ወዳጅነት ሲቀላቀሉ

በኢትዮጵያ የትምህርት አስተዳደር ታሪክ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶችን የሚከታተለው ሥራ ስሙ ከኢንስፔክሽን ወደ ሱፐርቪዥን፣ ከሱፐርቪዥን መልሶ ወደ ኢንስፔክሽን ሲቀያየር ኖሯል። የስሙ መመላለስ የሐሳቡን መመላለስ ያሳያል። ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሰው ሊፈርድ ነው ወይስ ሊረዳ የሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ሳያገኝ ቆይቷል።

መልሱ ያልተለየበት ጉብኝት ፍሬው ጥቂት ነው። በሞተር ሳይክል ወይም በእግር የመጣ ሱፐርቫይዘር የመጠይቅ ቅጽ ይዞ ወደ ክፍል ሲገባ መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ነጥቡ ነው። የዕለቱ ትምህርት ዕቅድ በጥራት ይጻፋል፤ ጎበዞቹ ተማሪዎች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ትናንት የተማሩት ዛሬ አዲስ መስሎ ይደገማል። ጎብኚው ጥሩ ትምህርት አይቶ ይመለሳል፤ የኋላ ወንበር ላይ ያለችው ማንበብ የማትችል ልጅ ግን በዚያው ትቀራለች። ነጥብ ከምስጋና፣ ከወቀሳና ከሹመት ጋር በተቆራኘበት ቦታ ሁሉ ጉድለትን መደበቅ ብልኅነት ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ራሱን ሲገመግምም ያው ነው፤ የሚሞላው ቅጽ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ከሆነ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚመዝን ርዕሰ መምህር ማግኘት ይከብዳል።

ሁለተኛው ችግር ድጋፉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መፍሰሱ ነው። ማዕከል የተባለው ሰጪ፣ ሳተላይት የተባሉት ተቀባይ ተደርገው ይታያሉ። ሆኖም ማዕከል የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ ለመንገድ ወይም ለከተማ ቅርብ በመሆኑ እንጂ አስተማመሩ ከሁሉ በልጦ ስለተገኘ ላይሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሳተላይቱ መምህራን «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብለው ቢያሙ አይፈረድባቸውም። መጽሐፍ ሳይሟላ፣ ኤሌክትሪክ ሳይኖር፣ በድንጋይና በጭቃ መርጃ መሣሪያ ሠርቶ የሚያስተምር የገጠር መምህር ለከተማው ባልደረባው የሚያሳየው ነገር አለ። ያንን የሚያይለት ግን የለም።

ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ ቀላል የሚመስለው ነገር ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ይኸውም ተመልሶ አለመምጣት ነው። የልምድ ልውውጥ ተብሎ መምህራን አንድ ቀን ይሄዳሉ፤ ግቢ ይዞራሉ፤ የተዋቡ ክፍሎችን ያያሉ፤ አስተያየት ጽፈው ይመለሳሉ። ከሁለት ወር በኋላ ምን ተለወጠ ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ ጉብኝቱ ሽርሽር ሆኖ ይቀራል። አንድ ቀን የታረመ ማሳ ዳግም ካልታየ አረሙ መመለሱ አይቀርም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ትምህርት ቤቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው የተሻሻሉበት ተሞክሮ በሌላም አገር አለ። በእንግሊዝ ዋና ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2011 «ለንደን ቻሌንጅ» በተባለ ፕሮግራም ደካማ ውጤት የነበራቸው ትምህርት ቤቶች ከጠንካሮቹ ጋር ተጣምረው ሠርተዋል፤ መምህራኑ ወደ ጠንካራው ትምህርት ቤት እየሄዱ በክፍል ውስጥ ተቀምጠው ተምረዋል። ፕሮግራሙ ሲጀመር ከአገሪቱ አማካይ በታች የነበሩት የለንደን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ2010 ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የተሻለ ውጤት ያስመዘገቡ ሆነዋል። ተመራማሪዎች ለውጡ በዚህ ፕሮግራም ብቻ መጣ በሚለው አይስማሙም፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት መሻሻልና ሌሎች ምክንያቶችም አሉበት። አንድ ነገር ግን ከልምዱ ጎልቶ ይወጣል፤ የተጠቀሙት ድጋፍ የተቀበሉት ብቻ ሳይሆኑ የሰጡትም ጭምር ናቸው። ሥራውን ለሌላ ሰው ለማስረዳት የሚዘጋጅ መምህር የራሱን ሥራ ዳግመኛ ይመረምራልና።

በቻይና ሻንጋይ ከተማ ደግሞ ጠንካራ ትምህርት ቤት በከተማዋ ዳር ያለን ደካማ ትምህርት ቤት ለተወሰኑ ዓመታት በውል ተረክቦ እንዲያሻሽል የሚደረግበት አሠራር አለ። ርዕሰ መምህርና መምህራን ተልከው በቦታው ይሠራሉ፤ ክፍያውም ከሚታየው ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለቱም ከተሞች የእኛ ዓይነት የመንገድና የበጀት ችግር የለባቸውም። ስለዚህ የሚቀዳው አሠራሩ እንዳለ ሳይሆን መሠረቱ ነው፤ ጊዜ የተሰጠው፣ የሚደጋገምና ለውጡ የሚታይ ድጋፍ።

የወንፈል ቀን በትምህርት ቤት

ይህ መሠረት በአንድ ተራ የገጠር ጉድኝት እንዴት ሊተረጎም ይችላል? ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሦስት ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች ወንፈል ቢገቡ እያንዳንዱ በአንድ መንፈቅ አንድ ጊዜ ያስተናግዳል፣ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። ርዕሰ መምህሩን ብቻ ሳይሆን ተመሳሳይ ክፍልና ትምህርት የሚያስተምሩ ሁለትና ሦስት መምህራን ይልካል።

ቀኑ የሚጀምረው በእንግዶቹ ጥያቄ ሳይሆን በባለቤቱ ቃል ነው። «የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ፊደል ለይተው ቃል ማንበብ አቅቷቸዋል፤ እዩልን» ብሎ ችግሩን የሚያቀርበው አስተናጋጁ ነው። ሰው የራሱን ቁስል ራሱ ሲገልጥ አያፍርም፤ ሌላው ሲገልጥበት ግን ይሸፍናል። ከዚያ እንግዶቹ ክፍል ገብተው ይቀመጣሉ። የሚያዩትም መምህሩን ብቻ አይደለም። የተማሪዎቹን ደብተር ይገልጣሉ፤ የቤት ሥራው ታርሟል ወይስ በቀይ ብዕር ተጭሮ ታልፏል የሚለውን ያያሉ። ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ ወንበር ልጆችን ጠርተው አንድ አጭር አንቀጽ ያስነብባሉ። በስም መጥሪያው ላይ ስንት ልጆች እንደተመዘገቡና በክፍሉ ስንት እንዳሉ ይቆጥራሉ።

ከሰዓት በኋላ የሚደረገው ውይይት በነጥብ አይጠቃለልም። ያዩትን ይናገራሉ፤ በእነርሱ ዘንድ የሠራውንና ያልሠራውን ያካፍላሉ። አስተናጋጁ ከሁለት የማይበልጡ ተግባራትን ይመርጣል። 20 ነጥብ ያለው ዕቅድ መደርደሪያ ያሞቃል፤ ሁለት ተግባር ግን ክፍል ይገባል። በስምንት ሳምንት ውስጥ እነዚያው እንግዶች ተመልሰው ይመጣሉ፤ እነዚያኑ ልጆች ዳግም ያስነብባሉ። ለውጥ ካለ ይታያል፤ ከሌለም ለምን እንደሌለ ይነገራል።

ለዚህ አሠራር መተማመን እንዲኖር አንድ ሕግ ያስፈልጋል። በወንፈሉ ቀን የታየው ጉድለት ለመምህሩ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ወይም ለትምህርት ቤቱ ደረጃ መስጫ መዋል የለበትም። ኢንስፔክሽን የራሱ ቦታና ጊዜ አለው፤ መንግሥትና ወላጅ የትምህርት ቤቱን ደረጃ የማወቅ መብት አላቸውና ይቀጥል። ሱፐርቫይዘሩ ግን በወንፈሉ ውስጥ ቀጠሮ የሚያስይዝ፣ የሚያገናኝ፣ የተባለው መፈጸሙን የሚያስታውስ አስተባባሪ ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል። ተማሪን የሚጎዳ በደል ሲታይ በዝምታ ይታለፍ ማለት አይደለም፤ እርሱ በሕግ የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነው።

የአርሶ አደሩ ድርሻ

ወላጅ ለትምህርት ቤት የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ሲዋጣ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ኅብረተሰቡ በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት ትምህርት ቤቶችን እንዲጠግንና እንዲያሳድስ ተደርጓል። የጭቃ ክፍሎች በብሎኬት ተተክተዋል፤ የዛፍ ጥላ ሥር የነበሩ ልጆች ጣሪያ ያገኙበት ቦታ አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ግድግዳው ከታደሰ በኋላ በውስጡ የሚሰጠውን ትምህርት የሚያይ ዓይን ካልተጨመረ መዋጮው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

አርሶ አደሩ ስለ ትምህርት አስተያየት ለመስጠት ዲፕሎማ አያስፈልገውም። በመስክ ቀን የሞዴል አርሶ አደርን ማሳ ጎብኝቶ ዘሩ ስንት ቀን ፈጀ፣ ማዳበሪያው መቼ ተደረገ፣ ሄክታሩ ስንት ኩንታል ሰጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የትምህርት ቤት ጥያቄም አያቅተውም። ልጄ ይህን ገጽ ማንበብ ትችላለች ወይ? መምህሩ በዚህ ወር ስንት ቀን ቀረ? ባለፈው ጊዜ ጎረቤት ትምህርት ቤት መጥቶ ምን ነገራችሁ? ምንስ ለወጣችሁ? የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት እነዚህን አራት ጥያቄዎች በየመንፈቁ ቢጠይቅ ቅጽ ከመሙላት የበለጠ ይሠራል። የወንፈሉን ቀን ለመከታተልም ከኅብረቱ አንድ አባትና አንዲት እናት ቢገኙ የትምህርት ቤቱ ቃል በምስክር ፊት የተነገረ ይሆናል።

በአንጻሩ ወላጁም የሚጠየቅበት ነገር አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ሲበረታ የገጠር ክፍሎች ይሳሳሉ፤ ከብት የሚጠብቀው ወንድ ልጅ፣ ውኃ የምትቀዳውና ታናናሾቿን የምትጠብቀው ሴት ልጅ ቀድመው ይቀራሉ። በእነዚህ ሳምንታት የጎደለ ትምህርት በግንቦት ክለሳ አይሞላም። ወንፈል የገቡ ትምህርት ቤቶች የኅዳርን የተማሪ ክትትል አስተያይተው ከመካከላቸው ልጆችን በክፍል ማቆየት የቻለው ምን አድርጎ እንደሆነ ቢመረምሩ፣ መፍትሔው ምናልባት ከወላጆች ጋር በተደረገ ስምምነት፣ ምናልባትም በምገባ ወይም በሰዓት ማስተካከያ ላይ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። እንዲህ ያለውን መልስ ከአካባቢው የራቀ ባለሙያ አያመጣውም።

የከተማው ነዋሪም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። በገጠር ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ዘጠነኛ ክፍልን ለመማር ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ቋጥሮ ወደ ወረዳ ከተማ ይመጣል። ከከተማው ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጣል። በታች ክፍል ያልተሞላው ጉድለት በዚያ ክፍል የሁሉንም ትምህርት ያዘገያል። ቤተ ሙከራና ኮምፒዩተር ያላቸው የከተማ ትምህርት ቤቶች ከገጠሮቹ ጋር መጣመራቸው እንግዲህ ለራሳቸው ክፍል አስቀድሞ መዘጋጀት ነው፤ እንደ በጎ አድራጎት ብቻ ሊቆጠር አይገባም።

እንቅፋቶቹ

የተባለው ሁሉ የሚፈጸመው ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ሳቢያ በርካታ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል፤ እጅግ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው መጓዝ በሚያሰጋበት ቦታ መምህራን ተገናኝተው ይሥሩ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ዳግም የሚከፈት ትምህርት ቤት የጎረቤቱን እጅ ከማንም በላይ የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ያቋረጠን ልጅ በየትኛው ክፍል ማስቀመጥ፣ የጠፋውን ትምህርት በምን ያህል ጊዜ ማካካስ፣ የተረፈውን መጽሐፍ እንዴት መጋራት እንደሚቻል ቀድሞ የሞከረው ትምህርት ቤት ያውቀዋል።

ሌሎቹ እንቅፋቶች የአስተዳደር ናቸው። ርዕሰ መምህር በየዓመቱ ከተቀያየረ ወንፈሉ በየዓመቱ እንደገና ይጀመራል። መምህሩ ለጉብኝት ሲወጣ ክፍሉን የሚይዝ ካልተመደበ ተማሪው ይጎዳል። በእግር ሰዓታት ለሚወስድ መንገድ ምሳና መጓጓዣ ካልታሰበ ጥሩው ሐሳብ በመምህሩ ደመወዝ ላይ ሸክም ይሆናል። እነዚህ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ዕቅድና በትምህርት ቤት ድጎማ ሊፈቱ የሚችሉ ጉዳዮች ናቸው፤ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የወንፈሉን ቀን ከስብሰባ ቀን የሚያስበልጥ ውሳኔ ነው።

ወንፈል በገጠር እስከ ዛሬ የዘለቀው ማንም በመመሪያ ስላዘዘው አይደለም። የገባበት ሁሉ ስለሚጠቀምበትና ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው መኸር ብቻውን ስለሚቀር ነው። ትምህርት ቤቶችም የጎረቤታቸውን ክፍል ባዩ ቁጥር የራሳቸው ተማሪ ማንበብ እንደቻለ ካረጋገጡ ጉብኝቱን ለማስቀጠል ቅጽ አያስፈልጋቸውም። መለኪያውም ቀላል ነው፤ በጥቅምት ማንበብ ያቃታት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እንግዶቹ በታኅሣሥ ሲመለሱ ያንኑ አንቀጽ አነበበችው ወይስ አላነበበችውም?